የኬላው ከተማ ፎቅ ቤት

የካቲት 4 ቀን

ይድረስ ለእታለሜ፤

እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? የእማዬ ጉልበት ብርዱን እንዴት ቻለው? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ከአፍንጫዬ ቆዳ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም፣ እሱን ፀሐዩ ልጦት ጨርሷል። ደብዳቤሽ ከውሃ ቦቴው ጋር ደረሰኝ። ስልክ እዚህ ስለማይሠራ የቦቴው ሹፌር ነው በየሳምንቱ የሚያመጣልኝም የሚወስድልኝም። የላክሽልኝ ቱታ ግን ለማን ነው? ለኔ ከሆነ አንድ ሰው ይጨመርበት። ልብስ ሰፊ እህት አለችኝ ብዬ ማውራት አቁሜአለሁ።

አሁን ጥያቄሽን ልመልስ። አይ፣ የእማዬን ፎቅ ገና አላገኘሁትም። ግን አገኘዋለሁ። ለእማዬ በዚሁ ቃል ንገሪያት፤ ፍልፈል አገኘዋለሁ ብላለች በያት። ከልጅነቴ ጀምሮ ግቢያችንን እየቦረቦርኩ ይኼን ስም ያወጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ፤ አሁን ደሞዝ እየተከፈለኝ ስቆፍር ታምኑኝ ዘንድ ይገባል።

«ባዶ ሜዳ ላይ ይኼን ያህል ጊዜ ምን ትሠሪያለሽ?» ላልሽው፣ ሜዳው ባዶ አይደለም። እማዬ የተወለደችበት የኬላ ከተማ እዚሁ ነው የነበረው። ድንበሩ ወደ ፊት ሲገፋ ኬላው ተነሣ፤ ኬላው ሲነሣ ነጋዴው ተከተለ፤ ከዚያ ሁሉም ቆርቆሮውን፣ በሩን፣ የወለሉን ሳንቃ ሳይቀር ነቅሎ ሄደ። የቀረው የግድግዳ ሥር፣ የሸክላ ስባሪና አንድ የደረቀ የውሃ ጉድጓድ ነው። በላዩ ላይ ትልቅ የዕቃ መጋዘን ሊሠራበት ነው። ዶዘሮቹ ከመግባታቸው በፊት ሜዳውን በገመድ ከፋፍሎ፣ እየተራመዱ ለቅሞ፣ ለክቶ፣ ስሎ፣ አስፈላጊው ቦታ ላይ ቆፍሮ ሪፖርት ማቅረብ የኔ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ኮንክሪት ይፈስበታል፣ ማንም ዳግመኛ አያየውም።

ከዚህ በታች ያለውን ለእማዬ እንዳታነቢላት። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እታለም፣ ነገሩ አላማረኝም። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ «የኛ ቤት ፎቅ ነበር» ስትለን ነው ያሳደገችን። ባልሽ በሳቀባት ቁጥር ደግሞ እኔ ነኝ ለእሷ ወግኜ የምነታረከው። ግን ግንበኛ ነውና ያለው ነገር ልክ ነው፤ ቀጭን የጭቃ ግድግዳ ፎቅ አይሸከምም። እኔም ወፍራም ግድግዳ ፍለጋ ሜዳውን ሳካልል ሰነበትኩ። ከኬላው ቤት በቀር የለም። ቤቷን እኮ አውቄዋለሁ፤ ራሷ እንዳለችው ከውሃው ጉድጓድ ፊት ለፊት ነው፣ ፊቱ ወደ መንገድ የሆነ አንድ ክፍል ሱቅ። ግድግዳው ከስንዝር ብዙ አያልፍም። ከኋላው ግቢ አለው፣ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ።

ጉድጓድ ስልሽ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ከኋላው አንድ አለው። አንዱን በክንዴ ልክ ከፍቼ አየሁት፤ አመድ፣ ስባሪ፣ አጥንት። የተረፉትንም «ሽንት ቤት ወይም የቆሻሻ ጉድጓድ» እያልኩ ፕላኑ ላይ አሰፈርኳቸው። ይኼ ከተማ ሌላ ሥራ አልነበረውም እንዴ ብለን ቀኑን ሙሉ ስንስቅ ነው የምንውለው።

ሌላም አለ። መዝገብ ቤት ያነበብኩት የድሮ ትእዛዝ፣ ዘበኛው ድንበሩን እንዳይጋረድበት ማንም ሰው ከኬላው ጣሪያ ከፍ ያለ ቤት እንዳይሠራ ይከለክላል። የኬላው ጣሪያ ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። እንግዲህ ሪፖርቱ ላይ «ከቤቶቹ አንዱም ፎቅ አልነበረውም» ተብሎ ሊጻፍ ነው፣ ከሥሩ የኔ ፊርማ። እናቴን በማኅተም ውሸታም ላደርጋት ነው ማለት ነው። ይኼ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ግን እጄን አልሰጥም፣ ገና ጊዜ አለኝ።

ጥያቄዎቼን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ፤ መልሱን ቶሎ ላኪልኝ። እማዬን ጠይቂያት፣ ያስታወሰችውን ሁሉ ሳትመርጪ ጻፊው።

ሁላችሁንም ስሜአለሁ፤ ባልሽን ግን በግማሽ ጉንጩ ብቻ።

ፍልፈል

 

የካቲት 13 ቀን

ለፍልፈሌ፤

ከፀሐይ ይሰውርሽ። አፍንጫሽን ቅባት ቀቢው፣ ያ አፍንጫ ገና ባል ያመጣልናል። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ሱቁም ደህና ነው፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፍቼ ልሞት ነው። ቱታውን በተመለከተ፣ ልኩን የላክሽልኝ አንቺ ነሽ። ደረትሽን ለክተሽ ወገብ ብለሽ ጻፍሽ። መሬት የምትለኪው እንዲህ ከሆነ ለመንግሥት አዘንኩለት።

አዎ፣ ግማሹን ብቻ አነበብኩላት። ግን አንቺም ታውቂያታለሽ፣ ወረቀቱን ሳጥፈው አየችኝ። «የታጠፈው ምን ይላል?» አለች። ሰላምታ ነው አልኳት። «ሰላምታ ከላይ አይጻፍም እንዴ? ለምን አትነግሪኝም?» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

እማዬና ባለቤቴ ለምን እንደተኳረፉ የጠየቅሽኝን ደግሞ ልንገርሽ፤ ደብቄሽ ነበር፣ በሩቅ ሆነሽ እንዳትበሳጪ ብዬ። ምሳ ላይ ነው። እንግዶች ነበሩ፣ የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች። እማዬ እንደተለመደው ስለ ቤቷ አነሣች። እሱም እንደተለመደው ሳቀ። ግን በዚህ አላቆመም፤ «እማማ፣ ልጅዎ አሁን እዚያው ሆና እየለካች ነው፤ እንግዲህ የርስዎ ፎቅ በወረቀት ሊወጣልን ነው» አለ፤ እንግዶቹም ሳቁ። እማዬ ሳህኗን ይዛ ተነሣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኛ ጋር አትበላም። እሱ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፣ በሯ ሥር ሲቆም አየዋለሁ፤ ግን ይቅርታ ማለት ለግንበኛ ከባድ ነው፣ ያቆመውን ማፍረስ ነው የሚመስለው።

ትናንት ምን አለችኝ መሰለሽ? «ሌላው ሰው ቢስቅ ግድ የለኝም። የወለድኳት ልጅ ጽፋ ከፈረመች ግን እኔ ማነኝ?» አለችኝ። ፍልፈሌ፣ በእናትሽ፣ ስለ ፎቁ ምንም ሳትጽፊ ማለፍ አይቻልም? አንድ መስመር ብትጎድል ማን ያውቃል?

አሁን የጠየቅሽው። ስንት ደረጃ ነበረው ላልሽው፣ «ልጅ ደረጃ ይቆጥራል? ይዘላል እንጂ» ብላለች። የት ትተኙ ነበር ላልሽው፣ ታች። ላይ ማን ነበር ላልሽው፣ አባቷ፤ ሱቁ ላይ ነበር። እሱ ወዲያ ወዲህ ሲል ከጣሪያው ሳንቃ መሃል አቧራ ራሳቸው ላይ ይወርድ ነበር፣ እናቷ በጨርቅ ትሸፍናቸው ነበር። ሰፊ ነበር ወይ ላልሽው፣ «ኧረ ሰፊ! እንሯሯጥበት ነበር» አለችኝ፤ ክረምት ሙቅ፣ በጋ ቀዝቃዛ። መስኮት ነበረው ወይ ላልሽው ደግሞ አንድ ነበረው፤ ከፍ ያለ ስለሆነ ሳጥን ላይ ቆማ ነበር የምታየው። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ በጫማው ትለየው ነበር፤ ቀራጩ በቡት፣ ውሃ ቀጂዋ በባዶ እግር፣ ዘበኛው ተረከዙ ባለቀ ጫማ። ይኼን እንኳን ተዪው፣ ዕድሜ ነው፤ ፊት እያለ ጫማ ማን ያያል? ሳትመርጪ ጻፊ ስላልሽኝ ነው የጻፍኩት።

ማሽኖቹ መቼ ነው የሚገቡት? ንገሪኝ፣ እኔም ጭንቅ ብሎኛል።

እህትሽ

 

የካቲት 24 ቀን

እታለም፣ እታለም፣ እታለም!

ሰላምታ ይቆየኝ። እጄን እንኳን ሳልታጠብ ነው የምጽፍልሽ።

ጫማ! ኧረ አንቺ ሴት፣ «ተዪው» ትይኛለሽ? ደብዳቤሽን ቦቴው ጥላ ሥር ቆሜ ሳነብ እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ጮህኩ፤ ሹፌሩ እባብ የነደፈኝ መስሎት ሮጦ መጣ። እስቲ አስቢው፤ ሳጥን ላይ ቆሞ በመስኮት የሚያይ ልጅ የመንገደኛውን ጫማ ብቻ የሚያየው መስኮቱ የት ቢሆን ነው? በቤቱ ጎን ከሚያልፈው መንገድ እኩል፣ መሬት ላይ! ልጅቷስ? ከመሬት በታች።

ከኬላው በላይ መሥራት ተከለከለ አይደል? ሰው ወደ ላይ ሲከለከል ወደ ታች ሠራ። ያ ሁሉ ሽንት ቤት ያልኩት ሽንት ቤት አይደለም። ግቢ ያልኩትም ግቢ አይደለም፤ የቤቱ ግማሽ ነው። ሱቁ ወደ ኋላ በሳንቃ ወለል ይቀጥል ነበር፣ ከሳንቃው ሥር ደግሞ መኖሪያው። ሲሄዱ ሳንቃውን ነቅለው ወሰዱት፤ ባዶ የቀረውን ጉድጓድ መጨረሻ ላይ የቆዩት ሰዎች አመዳቸውን ደፉበት። እኔ ደግሞ፣ የተማርኩት ሴትዮ፣ በክንዴ ልክ ከፍቼ አመድ ሳይ ቀሪውን በግምት ዘጋሁት። የእናቴን መኝታ ቤት ሽንት ቤት ብዬ መዝግቤዋለሁ! ይኼን ለማንም ብትናገሪ እህትነታችን ያበቃል።

በማግስቱ የእማዬን ቤት ከኋላ በኩል ጀመርነው። አመዱን፣ ስባሪውን፣ ከዚያ ቀይ አፈር። ከሰዓት ላይ መጥረጊያዬ ጠርዝ ነካ። የተጠረበ ድንጋይ፣ መሃሉ በእግር ብዛት የጎደጎደ። ከሥሩ ሌላ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ቡድኑ ሁሉ አየኝ፤ ይየኝ።

ማሽኖቹን በተመለከተ አትጨነቂ፣ አስቁሜአቸዋለሁ። «ቀን ጨምሩልኝ» ብዬ የመጋዘኑን ኢንጂነር ብለምነው ኖሮ ሰዓቱን አይቶ ይሸኘኝ ነበር። እኔ ግን ሄጄ «መጋዘንህ የሚያርፈው ሥሩ ባዶ በሆነ መሬት ላይ ነው። አመድ በተሞላ ጉድጓድ ላይ ኮንክሪት ብታፈስ፣ የመጀመሪያው የጫነ መኪና ይዞት ነው የሚወርደው» አልኩት። መልኩ ተለዋወጠ። አሁን ጉድጓዶቹን ሁሉ እስከ ታች እንድከፍትለት የሚለምነኝ እሱ ነው፣ ቆፋሪም ጨምሮልኛል። እስከ መጋቢት ሃያ ጊዜ አለን።

አንድ መስመር ቢጎድል ማን ያውቃል ላልሽው፤ እኔ አውቃለሁ። ደግሞም መጉደል የለበትም፣ ይጻፋል! ግን ወለሉ ላይ ሳልደርስ ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ግማሽ ደረጃ ይዤ ተስፋ ልሰጣት አልፈልግም። ወለሉን ስነካ ራሷ መጥታ ታየዋለች። መሸፈኑ ግን አይቀርም፤ ስለዚህ ቶሎ ነው።

ቱታውን ለብሼዋለሁ። በቀበቶ አጥብቄ።

ያንቺው ፍልፈል

 

መጋቢት 3 ቀን

ለፍልፈሌ፤

ነገርኳት። ምን ላድርግ? ደብዳቤሽን ሳነብ መቀሴን ጥዬ ስጮህ ሰማችኝ። «ሞተች?» ብላ ስትመጣ ፊቷ ዐመድ መስሎ ነበር፤ እንዴት ዝም እላታለሁ? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት፣ ሽንት ቤቱንም ጭምር። እዚያ ላይ ስደርስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ ነው።

ከዚያ ተነሥታ ቦርሳዋን ማዘጋጀት ጀመረች። ሐኪሙ ደረጃ ከልክሎሻል እንዴት ታደርጊዋለሽ ብላት፣ «የሰው ደረጃ ነው የከለከለኝ፤ ይኼ የራሴ ነው» አለችኝ።

ባለቤቴ ምን አለ ብትይኝ፣ አንቺ ገና ወለሉን ሳትነኪ እሱ መውጫ አበጅቷል። «ምድር ቤት ፎቅ አይባልም» አለ። እማዬ ከክፍሏ ሆና ሰምታዋለች። ወጥታ፣ ከዚያ ምሳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አነጋገረችው። «መኪናህን አዘጋጅ። የምታደርሰኝ አንተ ነህ» አለችው። እሱም «እሺ እማማ» አለ። ከዚያ ወጥቶ መኪናውን አጠበው።

እኔ አልመጣም፤ ሱቁን ዘግቼ ዩኒፎርሙን ለማን ልተወው? ግን ሁሉንም እንድትነግሪኝ። ሲወርዱ ክንዷን ያዢያት። ውሃ በደንብ ትጠጣ። ፀሐይ አይምታት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለቤቴን አታሳፍሪብኝ፤ ትንሽ ብቻ አሳፍሪው።

እህትሽ

 

መጋቢት 19 ቀን

ይድረስ ለእታለሜ፤

«እማዬን ምን አድርጋችሁ ላካችኋት? ከመጣች ጀምሮ ዝም ብላለች፤ ባሌም ያየውን አይነግረኝም» ብለሽ የጻፍሽው ደረሰኝ። አትደንግጪ። የሆነውን አንድ በአንድ እነግርሻለሁ።

ሲደርሱ ወለሉን ነክተን፣ ግድግዳውን ጠርገን ጨርሰን ነበር። ክንዷን ልይዛት ስል እጄን መታ አደረገችው። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ በመቀመጫዋ አንድ በአንድ ወረደች። ባልሽ ከፊቷ ወደ ኋላው እየወረደ፣ ብትንሸራተት ልቀበላት ብሎ እጁን ዘርግቶ ነበር። እሱን አላባረረችውም።

ታች ሲደርሱ ባልሽ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰው። ኖራ ነው የተለሰነው፣ ዛሬም አልተላቀቀም። ጥፍሩን እየሰደደ ሞከረው፣ ማዕዘኑን በአንድ ዓይኑ አየው። «ይኼን የሠራ ሰው እጅ ነበረው» አለ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና «እማማ፣ ተሸንፌአለሁ። በሰው ፊት ነው የሳቅሁብዎት፤ በዚያው ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። እኔ ለዚህ ቀን ስንት የስድብ ዓይነት አዘጋጅቼ ነበር መሰለሽ! አንዱም አላስፈለገኝም።

እማዬ ግን የሰማችውም አልመሰለኝ። መሃል ላይ ቆማ ዙሪያዋን ታያለች። ከዚያ «ይኼው ነው?» አለችኝ። አዎ፣ ይኼው ነው አልኳት። «ሌላ ክፍል የለውም?» የለውም አልኳት። «ትልቅ ነበር እኮ» አለች፤ ከዚያ አለቀሰች። እታለም፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትምልበት የኖረችው ፎቅ በእጇ ገባላት፣ ስታየው ግን ጠባብ ጉድጓድ ሆነባት። ደስ እንዲላት ብዬ ያን ሁሉ መንገድ ያስመጣኋት እኔ ነኝ።

ዝም ብዬ ብቆም ጥሩ ነበር፤ ግን አፌን ታውቂዋለሽ። «እማዬ፣ ልክ ነበርሽ፤ ላይ አንድ፣ ታች አንድ፣ ሁለት ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ጽፌዋለሁ። ታችኛው አራት ሜትር በሦስት ነው» አልኳት። እንባዋን ጠረገችና ቀና ብላ አየችኝ። «አራት በሦስት ብለሽ ጻፍሽ?» አዎ አልኳት። «ሰባት ሰው ይተኛበት እንደነበርስ?» እሱን አልጻፍኩም አልኳት።

«ታዲያ ምኑን ለካሽው?» አለችኝ።

ከዚያ ማን የት ይተኛ እንደነበር እያሳየችን ሥራ ጀመረች። ከደረጃው ሥር አባቷ። ከእሱ ቀጥሎ፣ ሲያስላት ውጪ እንድትወጣ፣ አያቷ። ሁለቱ ትላልቅ እህቶቿ እግርና ራስ ሆነው። በእግሯ እያመላከተች፣ ማን ይራገጥ እንደነበር፣ ማን በእንቅልፉ ያወራ እንደነበር፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አስተኛቻቸው። ስትጨርስ እውነት ነው የምልሽ፣ እግር ማሳረፊያ እንኳን አልቀረም። ባልሽ አያቷን እንዳይረግጥ ብሎ ወደ ግድግዳው ተጠጋ፤ እሱ ራሱ አላወቀውም። «አንድም ቀን ጠበበን ተባብለን አናውቅም» አለች እማዬ። ሲመለሱ መኪና ውስጥ የገባችው ተረጋግታ ነው። ስለዚህ ዝም ብትል አታስጨንቂያት፤ ተቆጥታም አዝናም አይደለም፣ ገና ከእነሱ ጋር ናት።

እኔም ፕላኑን ቀድጄ እንደገና ሳልኩት። ለቅርስ መሥሪያ ቤት በሚቀርብ ፕላን ላይ የተኛ ሰው አይሳልም፤ አለቃዬ ይጮህብኝ ይሆናል፣ ይጩህ። እሷ እንዳስተኛቻቸው ሰባቱንም ሳልኳቸው፣ ከእያንዳንዳቸው ጎን ስማቸውን ጻፍኩ። ከሌሎቹ ቤቶች የወጡ ሰዎች ካሉም እያፈላለግሁ እጠይቃለሁ፤ ኢንጂነሩ የሰጠኝን ጉድጓድ ሁሉ ባዶውን አላስረክበውም።

ነገ የእማዬ ክፍል ይሞላል። ጠጠር፣ ከዚያ ኮንክሪት። እንደማለቅስ ነበር የጠበቅሁት፣ ግን አላዘንኩም።

ሪፖርቱ ሲታተም አንድ ቅጂ እልክላችኋለሁ፤ ባልሽ ለእነዚያ እንግዶች ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። የኔ ስም ሽፋኑ ላይ ነው። የእማዬን ግን ውስጥ፣ ፕላኑ ላይ ፈልጊው፤ በመስኮቱ በኩል፣ በእናቷና በታናሽ ወንድሟ መሃል ተኝታለች።

ፍልፈል